የኤልሚር ምስማር

ፖይንት ኦ ሲፕሬ፣ ሉዊዚያና
ጃንዋሪ 14

እትዬ ኤልሚር፣

ጤናሽን አስቀድሜ እጠይቃለሁ፤ ቀጥዬ ግን የራሴን ልንገርሽ፣ አለበለዚያ የገና ዕለት እንደጠረጠርሽኝ ዛሬም ትጠረጥሪኛለሽ። አልታመምኩም። ልቤም ጉልበቴም በየቦታቸው ናቸው፤ ዓይኔ ብቻ ትንሽ ደመና ለብሷል፣ እሱንም ሐኪም ያየዋል። ገዳሙ በዓመት አንዴ በሚፈቅድልሽ የስልክ ሰዓት ተኮሳትሬ ስላሳለፍኩብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። «ምን ደብቀኸኛል?» ብለሽ የጻፍሽልኝ አንድ መስመር ሦስት ቀን ሰላም ነሣኝ። ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ዛሬም ታላቅ እህቴን መዋሸት አልቻልኩበትም።

ነገሩ ጣራው ነው። የቤቱ ኢንሹራንስ ድርጅት ደብዳቤ ላከ፦ ከሜይ ሠላሳ አንድ በኋላ ውሌን አያድስም። ባሕር ዳር የተቀመጠ፣ አውሎ ነፋስ የሚጎበኘው፣ ጣራው ያረጀ ቤት አልፈልግም ነው ነገሩ። ሌላ ድርጅት ጠየቅሁ። እነሱ ደግሞ ጣራዬን አጠንክሬ የምስክር ወረቀት እስከ ኤፕሪል ሠላሳ ካቀረብኩ እንደሚቀበሉኝ፣ ለነፋሱ ከምከፍለው አረቦን ላይም ሲሶውን እንደሚቀንሱልኝ ነገሩኝ።

ጣራ ማጠንከር ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር። የላዩ ልባስ ተገፍፎ አባባ የመታቸው የሲፕረስ እንጨት ሳንቃዎች እንደገና ይመታሉ፤ ለስላሳ ምስማር ሳይሆን ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት ባለው፣ አንዴ ከገባ አልወጣም በሚለው ምስማር፣ በየአራት ኢንቹ። ከዚያ በሳንቃና በሳንቃ መሀል ያለው ስንጥቅ ሁሉ በሚጣበቅ ጥቅልል ይታሸጋል፤ ነፋስ ልባሱን ቢገነጥለው እንኳ ዝናቡ ቤት እንዳይገባ። ልባሱ የሚደረበው ከዚህ በኋላ ነው። ከመደረቡ በፊት ግን ተቆጣጣሪ መጥታ በዓይኗ አይታ ፎቶ ታነሣለች። ያላየችውን አትፈርምም።

ወረቀቱ ቢቀርስ? ያለ ኢንሹራንስ እዚህ መኖር የለም። ያኔ አውሎ ነፋሱ ልባሱን ሲገነጥለው ኢንሹራንስ አልነበረንም፤ ሚስቴ ኦሬሊ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁለት ዓመት በሰው ጓዳ ተኝታ «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ» ብላኛለች። ለልጄ ለዳርሊንም ቃል ገብቻለሁ። ጁን አንድ፣ የአውሎ ነፋሱ ወራት ሲጀምር ኢንሹራንስ ከሌለኝ ቤቱን ሸጬ ከተማ እሷ ጋ እገባለሁ። ስድስተኛ ፎቅ! መስኮቱን ብትከፍቺው የምታዪው የመኪና ማቆሚያ ነው። የዓሣ መረብ ስሠራ የኖርኩ ሰው እዚያ ምን እቋጥራለሁ? ጎረቤቴ ቬርዲ «የሹራብ ክር እልክልሃለሁ» ትለኛለች፤ ቬርዲ በሰው ቁስል ላይ መሳቅ አታውቅም አይባልም።

እንግዲህ የደበቅሁሽ ይህ ነው። ለሌኒ፣ ለጣራ ሠሪው፣ ጸልዪለት።

ታናሽሽ ኡርሲን


ከገዳሙ
ፌብሩዋሪ 2፣ የሻማ በዓል ዕለት

ኡርሲንዬ፣

ሳቅሁብህ፤ አትቀየመኝ። አርባ አንድ ዓመት በገዳም ኖሬ፣ ዛሬ በጠዋት ጸሎት መሀል ስለ ባለ ቀለበት ምስማር ሳስብ ራሴን ያዝኩት።

በገና ካርድህ ጀርባ «ቤትን እንዲህ መውደድ ኃጢአት ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የጠየቅኸው የማይሆን ሰው ነው። እኔ ያን ቤት ትቼ መጥቼ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ጣራው ላይ መራመድ እችላለሁ። አባባ ሲመታው አሥር ዓመቴ ነበር። አንተ አራት ዓመትህ ነበር፤ ምስማር ይውጣል ተብለህ መሰላሉ ሥር በገመድ ታስረህ ነበር። አንድ ምስማር እኔ እንድመታ ፈቀደልኝ። በወንዙ በኩል፣ ከጭስ ማውጫው ወደ ግራ፣ ሦስተኛው ሳንቃ ላይ። በጣቱ ያሳየኝን ቦታ ስቼ ከመታሁት በኋላ ጠመመብኝ። አለቀስኩ። ይነቅለዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን አጎንብሶ አየውና «ተይው፤ የሚይዘው ነገር አያጣም» አለኝ። አባባ ብዙ አይናገርም ነበርና ያቺን አስቀምጫታለሁ።

ስለዚህ ልባሱ ሲገፈፍ ያን ምስማር ፈልግልኝ። ፎቶ አንሣውና ላክልኝ፤ ሌላውንም ጣራ ጨምር፣ ሳንቃዎቹን ልያቸው። ከሌሎቹ ምስማሮች መስመር ምን ያህል እንደሳትኩም ለካልኝ። አባባ አንድ ሙሉ አውራ ጣት ነው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን አላመንኩትም፤ ዛሬም አላምንም።

አንድ ነገር አትርሳ። ከአመድ ረቡዕ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ደብዳቤ አይሰጠንም፤ አንጽፍምም። የመጣው ሁሉ ሣጥን ውስጥ ይቆያል። ዘንድሮ ሁዳዴ ማርች አምስት ይገባል፣ የምትልከውን ቶሎ ላክ። ዝም ካልኩህ ተቆጣች አትበል።

ሌላ ጥያቄ። ቬርዲ ማን ናት? የገና ካርድህ ላይ ነበረች፣ ደብዳቤህ ውስጥም ነበረች።

እህትህ ኤልሚር


ፖይንት ኦ ሲፕሬ
ፌብሩዋሪ 24

እትዬ፣

ሃያ ሦስት ፎቶ ልኬልሻለሁ። ያነሣችው ቬርዲ ናት፣ በስልኳ፤ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ባለው የፎቶ ማሽን አሳጠበችው። ቁጥራቸው የበዛው አንቺ «ሌላውንም ጣራ» ስላልሽ ነው፤ እኔ በቃሽ ብላት «መነኩሲት ጠይቃ እንዴት አምስት ይላካል?» አለችኝ። ቬርዲ ጎረቤት ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። የሸርጣን ወጥ ትችላለች። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ምስማርሽ አለ! ሌኒ ነው ያገኘው። «ይህ ደግሞ የማን ጉድ ነው?» ብሎ በመዶሻው ጥፍር ሊነቅለው ሲል ከታች ጮኽኩበት።

«እንዳትነካው! የእህቴ ነው!»

«እህትህ አናጢ ናት እንዴ?»

«መነኩሲት ናት።»

ኮፍያውን አወለቀ፣ የእግዚአብሔር ሰው። ግራና ቀኙን በአዲሱ ምስማር መታና ያንቺን እንዳለ ተወው። የሳንቃው ስንጥቅ ከበላዩ በጥቁሩ ጥቅልል ታሽጓል፣ ምስማርሽ ከታች ብቅ ብሎ ይታያል። አባባ ይሠራበት የነበረውን ታጣፊ የእንጨት ሜትር አጠገቡ ዘርግቼልሻለሁ፤ ቁጥሩን ራስሽ አንብቢ። አንድ ሙሉ አውራ ጣት ነው፣ እትዬ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አባባን በሐሰት ከሰሽዋል።

እንግዲህ ጣራው ተመቶ ታሽጓል፣ ልባሱ ግቢ ውስጥ ተቆልሏል። ተቆጣጣሪዋ ሐሙስ ትመጣለች። ሌኒ አማቱ ሞታበት ወደ ሰሜን ሄዷል፤ እሷ ካየች በኋላ ተመልሶ ይደርበዋል። ረቡዕ ቬርዲ ለዓይኔ ሐኪም ጋ ትወስደኛለች። ሁሉም ነገር በየመስመሩ ነው።

ኡርሲን


ፖይንት ኦ ሲፕሬ
ማርች 6፣ ከአመድ ረቡዕ ማግስት

እትዬ ኤልሚር፣

ይህን እስከ ፋሲካ እንደማታነቢው አውቃለሁ። ለማን ልንገር? ለአንቺ እየጻፍኩ ወደ ሣጥኑ ይግባ።

ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ዓይኔን ታክሜ፣ አንዱን በፋሻ ተሸፍኜ፣ ማታ ከቬርዲ ጋር ስንመለስ ሰፈሩ በሙሉ ግቢዬ ውስጥ ነው። ትልቁ ጋስፓር ከነወንድሞቹ፣ የጀልባ ሰዎቹ፣ ሚስቶቻቸው። ገምቦው፣ የሰፈራችን ወፍራም ወጥ፣ በትልቁ ድስት ይፈላል። ቀና ስል ጣራው ተደርቧል! ልባሱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ፣ ቀጥ ብሎ፣ አምሮ። ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ አይተው «ሌኒ የለም፣ ኡርሲን ዓይኑ ታሟል፣ ጣራው ባዶ ነው» ተባብለው ደቦ ወጥተዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ በአምስት ሰዓት ውስጥ ጨረሱት። እየዘፈኑ ነው አሉ የመቱት።

ጋስፓር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንግዲህ ይዝነብ!» አለኝ። ጠብታም አልዘነበም።

ምን ልበላቸው? አመሰገንኩ። በአንድ ዓይኔ አለቀስኩ፤ እነሱ የደስታ መሰላቸው፣ ግማሹ የደስታ ነበር። ገምቦውንም በላሁ። ቬርዲ ብቻ ነገሩ ገብቷት ማንኪያዋን ይዛ ቀረች።

በማግስቱ ሐሙስ ተቆጣጣሪዋ መጣች። ሚስ ቴሬል ትባላለች፣ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከወገቧ የሥራ መሣሪያ የማይለያት ሴት። ቀና ብላ አየች። «እንዴት ያምራል!» አለች። ከዚያ «የውስጡስ የታለ?» አለች። የሆነውን ነገርኳት። ወረቀቷን አጠፈች። በእውነት አዘነች። «ያላየሁትን አልፈርምም፣ አቶ ኡርሲን። ከመሸፈኑ በፊት የተነሣ ጥሩ ፎቶ ካለ ግን አምጡልኝ፣ እንነጋገራለን።»

ፎቶ! ቬርዲ ስልኳን ከፍ አድርጋ ሳቀች። «ከበዓሉ በኋላ አሳጥቤ እሰጥዎታለሁ» አለቻት። ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ፣ ከጾሙ በፊት ባለው ድግስ ላይ፣ ቬርዲ የሸርጣኑን ድስት ጎንበስ ብላ ስታይ ስልኩ ከደረት ኪሷ ሾልኮ ገባ። ከሸርጣኑ፣ ከበቆሎውና ከሚጥሚጣው ጋር ተቀቀለ። ስልክ ጠጋኙ ቤት ወስዳው ሰውየው አሽትቶ መለሰላት።

እንግዲህ በዓለም ላይ ያሉት ፎቶዎች አንቺ ጋ ያሉት ብቻ ናቸው። አንቺ ደግሞ ይህን አታነቢም።

ለጋስፓርና ለሌሎቹ አልነገርኳቸውም፤ ቬርዲንም አስምያታለሁ። በቸርነታቸው ቤቴን እንዳስጣሉኝ ከሚያውቁ ስድስተኛ ፎቅ ብገባ ይሻለኛል።

ኡርሲን


ፖይንት ኦ ሲፕሬ
ማርች 19፣ የአናጢው የቅዱስ ዮሴፍ ቀን

እትዬ፣

ይህም ለሣጥኑ ነው። ቬርዲ «ለምን አትደውልም?» ብላ ሁለት ሳምንት ጨቀጨቀችኝ። ትናንት ደወልኩ። በር የምትጠብቀዋ እናት አነሣችው።

«ሲስተር ኤልሚርን ፈልጌ ነበር፣ ወንድሟ ነኝ።»

«ሁዳዴ ነው፣ ልጄ። ሰው ሊሞት ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ቬርዲ አጠገቤ ሆና «አዎ በል! አዎ በል!» እያለች በክርኗ ትጎስመኛለች። ለመነኩሲት፣ በሁዳዴ፣ እንዴት ብዬ ልዋሽ?

«አይ፣ እናቴ፣ ጣራ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ለፋሲካ እንነግራታለን» ብላ ባርካኝ ዘጋችው። ቬርዲ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም። ይህን ስጽፍልሽ መስኮቷ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ እየተቆጣችም ሾርባ ልካልኛለች።

ሌኒን ጠየቅሁት። ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ለመሥራት አዲስ ልባስ ያስፈልጋል፣ ጊዜ የሚኖረውም ጁላይ ነው። ዳርሊን ክፍሉን ቀለም ቀብታልኛለች። ሰማያዊ፣ «እንደ ውኃው» አለችኝ። ልጄ ናት፣ ትወደኛለች፣ ምን ልበላት?

ኡርሲን


ከገዳሙ
ኤፕሪል 21፣ የፋሲካ ማግስት

ወንድሜ ኡርሲን፣

ክርስቶስ ተነሥቷል፤ አንተም ተነሥ። ይህን በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ፈጣን መልእክት የሚያደርሰው መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ገንዘቡን እናት አለቃችን ገዳማችን ከሚሠራው ማርማላታ ሽያጭ ሰጥታኛለች። ደብዳቤዎችህን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላት ሸርጣኑ ድስት ላይ ስንደርስ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር። በር ጠባቂዋ ግን እያለቀሰች ነው። «ስለ ጣራው ምነው በጠየቅሁት» እያለች። ጻፍላትና አጽናናት፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«ፎቶዎቹን ጥለሻቸው ይሆን?» ብለህ በፋሲካው ካርድ ጠይቀሃል። አልጣልኳቸውም። ለሁዳዴ እያንዳንዳችን የምንወደውን አንድ ነገር እንተዋለን። እህቶቼ ስኳር ተዉ፣ ማር ተዉ። እኔ ፎቶዎቹን ለእናት አለቃችን አስረከብኩ። ካንተ ደብዳቤ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ ጥያቄህና መልሱ ጎን ለጎን አርባ ቀን ከረሙ።

ሃያ ሦስቱንም ልኬልሃለሁ፣ ፖስታ ቤቱ ቀን የመታበት ፖስታህም አብሮ አለ። የምስማሬን ፎቶ ለራሴ ማስቀረት ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ። መልሼ መላልሼ አየሁት። ግን የአባባ ሜትር ከነቁጥሩ ያለው እሱ ላይ ነው፤ የአዲሶቹን ምስማሮች ርቀት የሚናገረው እሱ ነው። እንግዲህ ውሰደው። ከተቻለ መልስልኝ።

አሁን ልቆጣህ። ለጋስፓር ያልነገርከው ለእሱ አዝነህ ነው ብለሃል። ይህ ኩራት ነው፣ ኡርሲን። ሰው ሲያጠፋ ይቅርታ የመጠየቅ ዕድል ይገባዋል፤ አንተ ነፈግኸው። ሂድና ንገራቸው። ዛሬውኑ።

ቬርዲን ሳምልኝ። በምናብህ ብቻ እንዳይሆን።

ኤልሚር


ፖይንት ኦ ሲፕሬ
ሜይ 4

እትዬ ኤልሚር፣

«ምን ሆነ? ምን ሆነ? ምን ሆነ?» የሚለው ፖስት ካርድሽ ደረሰኝ። መነኩሲት ሦስት ጊዜ መጠየቅ ይፈቀድላታል? እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ፎቶዎቹ ኤፕሪል ሃያ ሦስት ገቡ። ሚስ ቴሬል ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው፣ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየቻቸው። ምስማሮቹ፣ እሽጉ፣ ጠርዙ፣ ሁሉም አለ። «ሥራው ንጹሕ ነው» አለች። ልቤ ቀለል አለ። ከዚያ ደግሞ «ግን ይህ የእርስዎ ጣራ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ? ሳንቃ ሁሉ ሳንቃ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌላ ሰው የሌላ ቤት ፎቶ ቢያመጣላትስ?

ያኔ ነው ወደ ጋስፓር የሄድኩት፣ እንዳዘዝሽኝ። ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገርኩት።

«ሁለት ወር ሙሉ ይህን ይዘህ እየሳቅህ ገምቦአችንን ስትበላ ነበር?»

«አዎ።»

«አንተ ከይሲ! እኛን ምን አድርገህ ነው የገመትከን?» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ተነሣ። «መደረብ ካወቅን መግፈፍም እናውቃለን።»

ቅዳሜ ሁሉም መጡ፣ ማንም አልዘፈነም። ሌኒም ሰዓት ሰርቆ መጣ። በወንዙ በኩል፣ ከጭስ ማውጫው ወደ ግራ፣ የአንድ በር ስፋት ያህል ልባሱን አንድ በአንድ እያነሣ ገፈፈው። ሚስ ቴሬል መሰላሉን እንደ ድመት ወጣች። ምስማርሽ እዚያው ነበር፣ እትዬ፣ ያንን አንገቱን ሰብሮ። የአባባን ሜትር አቀበልኳት፣ አጠገቡ ዘረጋችው። በአንድ እጇ ፎቶውን ይዛ ወደ ፎቶው አየች፣ ወደ ሳንቃው አየች፣ እንደገና ወደ ፎቶው። ግቢው ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ቬርዲ ክንዴን ይዛኛለች፤ አዎ፣ ይዛኛለች፣ ይህንንም ጻፍኩልሽ።

«ይህን ምስማር አስመስሎ የሚሠራ ሰው የለም» አለች ሚስ ቴሬል። «እንዲህ አድርጎ ማጥመም አይቻልም።»

«አሥር ዓመቷ ነበር» አልኳት።

እዚያው ጣራው ላይ ተቀምጣ ፈረመች። ያን ጊዜ መዝፈን ጀመሩ። ሌኒ መልሶ ሲደርበው ጋስፓርን «አሁን እጅህን ሰብስብ» ብሎ ከመሰላሉ አባረረው፣ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ።

ወረቀቱ ኤፕሪል ሃያ ዘጠኝ ገባ፣ አንድ ቀን ሲቀረው። አዲሱ ድርጅት ተቀብሎኛል፣ የነፋሱንም ሲሶ ቀንሶልኛል። ጋስፓርም አሁን ቤቱን ሊያጠነክር ነው፤ ተቆጣጣሪዋ ሳታየው ማንም እንዳይነካው ግቢው በር ላይ ጽፎ ሰቅሏል። ለዳርሊንም በስልክ ነገርኳት። ከዚያ «እንግዲያው ክረምቱን እኔ እመጣለሁ፣ ሰማያዊው ክፍል ለእንግዳ ይሁን» አለችኝ። ለበር ጠባቂዋ እናትም ጽፌላታለሁ፤ በሁዳዴ ባትዘጋብኝ ኖሮ ጋስፓር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳላውቅ እቀር ነበር ብያታለሁ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

ይቅርታ የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ። ፎቶሽ አይመለስም። ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ኢንሹራንሱ መዝገብ ቤት ገብቷል፤ ምስማርሽ የፋይል ቁጥር አለው። ግን ሳይሸፈን በፊት ቬርዲ በአዲሱ ስልኳ ሌላ አነሣችልሽ፣ እዚህ ውስጥ አለ። ዙሪያውን የምታዪው እጅ ሁሉ የሰፈሩ ነው፤ ሜትሩን የያዘው የእኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ መረብ እየቋጠርኩ ወንዙን ሳይ ያ አባባ ያለሽ ነገር ትዝ አለኝ። ምስማሩ የሚይዘው አላጣም፣ እትዬ። የያዘው እኔን ነው።

ኡርሲን